ያላወረድኩት ሙሾ

ጻፍ ማስረሻ። እኔ የምለውን ብቻ ጻፍ። የኔን አፍ ወደ ትምህርት ቤት አፍ እያዞርክ አታሳምርብኝ። እጅህ ካመመህ በየመሀሉ ታርፋለህ። ያመመህ እንደሆነም በገዛ ጡጫህ ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የሚጽፍልኝ የልጄ ልጅ ነው። መካነ ሰላም አሥረኛ ክፍል ይማራል። እኔም እህል እያበሰልኩለት አብሬው በኪራይ ቤት ተቀምጫለሁ። ትናንት ከገበያ ሲመጣ የቀኝ እጁ ተልጦ ደሙ ይንጠባጠባል። ከማን ጋር ነው ብለው አይናገርም። ውኃ አቅርቤ እጁን ሳጥበው ነው አፉን የከፈተው።

"እምዬ፣ ተፈራ ከእስር ቤት ወጥቷል አሉኝ።"

"ማነው ያለህ?"

"ያገራችን ልጆች ናቸው። ያባትህ ገዳይ ገበያ ወጥቶ በግ ያማርጣል፣ አንተ ደብተር ታቅፈህ ትዞራለህ አሉኝ። ደግሞ አባትህ ሙሾ እንኳ ያልወረደለት ሰው ነው፣ የገዛ እናቱ አላለቀሰችለትም አሉኝ። አንዱን መታሁት። ውሸት ነው አይደል እምዬ?"

"እውነት ነው" አልኩት።

እራት ሳይበላ ተጠቅልሎ ተኛ። ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ ወረቀትህን አምጣ፣ ራስህ ጻፈው ያልኩት።

ያን ጊዜ እኔ ማን ነበርኩ መሰላችሁ? አልቃሽ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግጥም ግን ከአፌ አይጠፋም። ከወግዲ ድረስ በቅሎ እየተላከልኝ ሄጃለሁ። ሰው ሞተ ከተባለ "ዘርፌ መጣች ወይ?" ነው የሚባለው። እኔ ካልደረስኩ ለቅሶው አይሞቅም። ደረቱን ነፍቶ የቆመ ወንድ አይቼ ሁለት ስንኝ ጣል ካደረግኩበት ጉልበቱ ይከዳዋል። ደስ ይለኝ ነበር። በሰው ሞት አይደለም ደስ የሚለኝ፣ ቃሌ ሰው ላይ ሲሠራ ማየቱ ነው።

ሆዴን መያዝ አውቃለሁ፤ ሑዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ እውላለሁ። ምላሴን ግን ይዤው አላውቅም። ጎረቤት ቢያስቀይመኝ በግጥም ነበር የምሰድበው። ሰውዬው ያረጃል፣ ስድቡ አያረጅም።

እኛ አገር ሰው የገደለው ሰው ሙሾው ሌላ ነው። በሽታ የገደለውን አልቅሰሽ ትቀብሪያለሽ። ሰው የገደለውን ግን እናቱ ወይ እኅቱ ደም የነካ ልብሱን ታቅፋ ትቆማለች። ግጥሙ ለሟች አይደለም፣ ፊት ለፊቷ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ለቆመው ወንድም ነው። ስሙን ጠርታ "አለህ ወይ?" ካለችው አበቃ። አገር በሰማበት ነው የተጠየቀው። ከዚያ ወዲያ ካልገደለ ከሰው ጋር አይቀመጥም፣ ልጃገረድ አታየውም።

እናቴ እንዲህ አድርጋለች። አባቴን በመሬት ድንበር ገደሉት። እኔ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜን ሽብሩን በስሙ ጠራችው። ግጥሙ ዛሬም ድረስ ባገሩ ይባላል፣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ሽብሩም ሄዶ የገዳዩን ልጅ ገደለ፣ ወደ አባይ በረሃ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳው እንኳ አልመጣልንም። እናቴ ዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ አለቀሰችለት። ለእሱ ግን አንድ ግጥም አልመጣላትም። "በኔ አፍ ነው የሄደው" ትላለች ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ። ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ወደ ነገሩ ልግባ።

ልጆቼ ሁለት ነበሩ። አራጋው ትልቁ፣ ያንተ አባት ነው። ይመር ትንሹ፣ ጢሙ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ። አባታቸው ከቆላ ይዞት በመጣው ወባ ከሞተ ቆይቷል። እናትህ አንተን ፀንሳ ወሯ ገብቷል።

ወቅቱ በጋ ነው። ከምንጩ የሚወርደው ቦይ አንድ ነው። ሽንኩርት የተከለ፣ ድንች የተከለ ሁሉ በተራ ያጠጣል። የዚያን ቀን ተራው የተፈራ ነበር፤ ማሳው ከኛ በታች ነው። ተፈራ ዘገየ። አራጋው ውኃው ዝም ብሎ ሲፈስ አየና "እስኪመጣ ድረስ" ብሎ ወደኛ ሽንኩርት መለሰው። ይኸው ነው ነገሩ። ሌላ ምክንያት እንዳትፈልጉ፣ የለም። ተፈራ መጣ፣ ተሰዳደቡ፣ በእጁ አካፋ ይዞ ነበር።

እኔ ደጅ ላይ ምስር እለቅማለሁ። ሴት ጮኸች። ጩኸት መለየት ሥራዬ ነው። ከብት ገደል ሲገባ የሚጮኸው ሌላ ነው፣ እባብ ሲነድፍ የሚጮኸው ሌላ ነው። ይሄ የሬሳ ነበር። ሰፌዱን ጥዬ ሮጥኩ።

ልጄ ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ውኃው በእሱ ተገድቦ በጎንና በጎኑ ወደ ሽንኩርቱ ይገባል። ቀይ ሆኖ ይገባል። እኔ የፈተልኩለት ጋቢ ትከሻው ላይ ነበር፣ ደሙን ጠጥቶ ከብዷል። የጮኸችው ጎረቤቴ ዘሀራ ናት። አብረን ገለበጥነው።

"ያ አላህ! ያ አላህ! እቴ ዘርፌ አትዪው፣ ፊቱን አትዪው!"

አየሁት። አፌን ስከፍት ምን መጣ መሰላችሁ? ግጥም። ልጄን ታቅፌ፣ ከዕንባ ቀድሞ ግጥም መጣ። ሙሉ ሆኖ፣ ቤት መትቶ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ መጥቶልኝ አያውቅም። መጨረሻው ላይ የይመር ስም አለበት።

አላወጣሁትም። ለነገ ነው ያቆየሁት። እዚያው ቦይ ውስጥ ሆኜ፣ ልጄ ጭኔ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ነገ ይህን ስል ያገሩ ሰው እንዴት ይሆን ይሆን ብያለሁ። ሰው እንዲህም ነው። ጻፈው ማስረሻ፣ አትዝለለው።

ፖሊሶች መጥተው አዩ፣ ጠየቁ፣ ተፈራን አጡት፣ ሄዱ። ሬሳውን ቤት አስገባን። ይመር መካነ ሰላም ወርዶ ነበር። ሰው ደውሎለት ሲሮጥ መጣ፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ ነጭ ሆኖ። አላለቀሰም። የወንድሙን ፊት ገልጦ አየ፣ ሸፈነ። የአባቱን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረደና በኩታው ጫፍ እየወለወለ በሩ ላይ ተቀመጠ።

"ይመር፣ እህል ቅመስ ልጄ።"

"ይቆየኝ እናኔ።"

"እስከ መቼ ይቆይህ?"

"ነገ ትነግሪኝ የለ?" አለኝ። ዓይኑን ከጠመንጃው አላነሣም።

ገባኝ። ቃሌን ነው የሚጠብቀው።

ሲመሽ እቴ ብርቄ ደረሰች፣ የባሌ ታላቅ እኅት። ሬሳውን ተሳልማ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ከዚያ ወደኔ ተጠጋች።

"ገጥመሻል?"

"የልጄ ሬሳ እዚህ ተኝቶ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እቴ ብርቄ?"

"ፊትሽ ላይ አየዋለሁ። ገጥመሻል። ስሙን ጠርተሽዋል? የይመርን?"

የሬሳውን መሸፈኛ አስተካከልኩ።

"ጠርተሽዋል። እሰይ! ወንድሜ ወንድ ነው የወለደው፣ ድመት አልወለደም።"

"የቀረኝ እሱ ነው እቴ ብርቄ። ይተዉኝ።"

"የቀረሽ! የሄደውስ? እሱ ያንቺ አልነበረም? ለሰው ሬሳ ከወግዲ አጅባር በበቅሎ የምትንቀዋለይ ሴትዮ፣ ለገዛ ልጅሽ ሲሆን አፍሽ ሊታሰር ነው? እስቲ እናያለን!"

ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። ዘሀራ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ነበር። "አብሽሪ እቴ ዘርፌ" አለችኝ። "ብትዪውም አልፈርድብሽም። ባትዪውም አብሬሽ ነኝ።" ሌላ ምንም አልመከረችኝም።

ወደ በሩ አየሁ። ይመር ጠመንጃውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ እንቅልፍ ወስዶታል፣ አፉን ገርበብ አድርጎ። ሽብሩ እንዲህ ነበር የሚተኛው። በረሃ ወርዶ ሲቀርም አፉን ከፍቶ የተኛ ይመስለኝ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ። እናቴ የገባችኝ ያን ሌሊት ነው።

ነጋ። አገሩ መጣ። ከየቀበሌው፣ ከደጋውም ከቆላውም፣ ግቢው ሞልቶ አጥሩን አልፎ ቆመ። አንዳንዱ ለአራጋው ነው የመጣው። ብዙው ግን እኔን ሊሰማ ነው የመጣው፣ አውቃለሁ። ሴቶቹ ጋቢውን አምጥተው አስታቀፉኝ። ደርቆ እንደ ቁርበት ይንኳኳል። ይመር ፊት ለፊቴ ቆመ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ።

ግጥሙ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምጡ ግፊ ግፊ ሲል ያለመግፋት እንዴት እንደሆነ። እንደዚያ ነው። የነጠላዬን ጥለት አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነከስኩ። ያለ ጥርስ የቀረሁት በእርጅና ይመስላችኋል፣ የመጀመሪያዋ ግን ያን ቀን ነው የተነቃነቀችው።

"እስቲ ዘርፌ! አገር ቆሞልሻል!" ትላለች ብርቄ።

ከኋላ አንድ ወንድ "ለሰው ሬሳ ብቻ ነው እንዴ የምታለቅሰው?" አለ። አንዱ ሳቀ። በልጄ ለቅሶ ላይ ሳቀ። ለእሱም መልስ መጣልኝ፣ እዚያው ቀብሮ የሚያስቀረው። ነከስኩ።

ይመር ያየኛል። በይኝ የሚል ነው የሚመስለው፤ አንድ ነገር በይኝና ልሂድ። ጋቢውን እንደታቀፍኩ ቁጭ አልኩ። ግጥሙ ካሁን አሁን ወጣ ስል ብርቄ ቀደመችኝ። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "አለህ ወይ..." ብላ ጀመረች።

ስሙን ሳትጨርስ ተነሣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አስቤበት አይደለም። ሰዉን ሰንጥቄ ወደ ውኃው ገንቦ ሄድኩ። ገበቴውን ጎተትኩ፣ ውኃ ገለበጥኩበት፣ ጋቢውን ነከርኩት። ተንበርክኬ ማጠብ ጀመርኩ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት።

"ምን እያደረገች ነው?" ይላል ሰዉ።

"የልጁን ደም ልታጥብ ነው! አብዳለች!"

ውኃው ቀላ፣ ደፋሁት፣ ሌላ ጨመርኩ። ደግሞ ቀላ። ብርቄ ግጥሟ ከአፏ ጠፋ። ለቅሶው ቆመ። የሚሰማው የጨርቁ ጠብ ጠብ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ብድግ አደረግኩት። ጋቢ ሁለት ሰው ካልጠመዘዘው ውኃው እንደማይወጣለት ታውቃላችሁ። አንዱን ጫፍ ዘረጋሁለት።

"ይመር፣ ያዝልኝ" አልኩት።

በሁለት እጁ መያዝ አለበት። ጠመንጃውን ማስቀመጥ አለበት። አየኝ፣ ጫፉን አየ፣ ሰዉን አየ። አልያዘም። ዘሀራ ልትነሣ ስትል "ተቀመጪ" አልኳት። እንደሚንጠባጠብ ተሸክሜ አጥሩ ላይ ጣልኩትና "ሞቷል። ቅበሩት" አልኩ። ያልኩት ይኸንን ብቻ ነው።

ቀበሩት። ሙሾ ሳይወርድ፣ ቄሶቹ ብቻ እያዜሙ። ከመቃብር ስንመለስ ብርቄ መንገድ ላይ ቆማ "አንቺ ብሎ እናት! ድንጋይ! ልጅሽን እንደ ውሻ ቀበርሽው!" አለችኝና ምራቋን እግሬ ሥር ተፋች። ሰዉ እየሰማ ነው። ዞር ስል ይመር የለም። ጠመንጃውም የለም።

ለቀስተኛው በላ፣ ተበተነ። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። እናትህ ከውስጥ "ሰው እንላክበት!" ትላለች እያለቀሰች። ማንን እልካለሁ? ማን ቢሄድ ጠብ ፈልጎ መጣ ነው የሚባለው። ጆሮዬን ወደ ተፈራ ቤት አቅንቼ ተኩስ እጠብቃለሁ። እንጨት ሲሰበር ጥይት ይመስለኛል፣ በር ሲዘጋ ጥይት ይመስለኛል። ነግሬው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ቃሌን ይዞ ነበር የሚሄደው እላለሁ። ደግሞ ተመስገን ያልነገርኩት እላለሁ። እኔ እንዲህ ስል ጋቢው አጥሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ከብት ከገባ በኋላ መጣ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው።

"የት ዋልክ?"

"ከተፈራ ቤት በላይ፣ ጥዱ ሥር።"

"አገኘኸው?"

"እሱ የለም። ወንድሙ ከብት ሲያስገባ አገኘሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል።"

ደም ፈልጌ እጁን አየሁ።

"ጣቴን ቃታው ላይ አድርጌያለሁ። እናቴ ምን ነበር ያለችኝ ብዬ አሰብኩ። ምንም! ምንም አላልሽኝም እናኔ። እንዲህ ብላኛለች ብዬ የምተኩስበት አንድ ቃል አልሰጠሽኝም። ሰውዬው በሩን ዘጋ። እኔ እዚያው ቀረሁ።" ከዚያ ጮኸብኝ። "ለምን? ታላቄን፣ ላያ አራጋውን፣ ለምን አንድ ቃል ነፈግሽው?"

"ለእሱ አለኝ" አልኩት። "ላንተ ነው የሌለኝ። ላንተ የማወርደው ሙሾ የለኝም ይመር።"

"ሰው ምን ብሎ ያየኛል?"

"ክፉኛ ያይሃል። እኔንም እንደዚያው ነው የሚያየኝ።"

ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ አጥሩ ሄደ። የጋቢውን ጫፍ ያዘ። እኔም ተነሥቼ ሌላውን ያዝኩ። እሱ ወደዚያ እኔ ወደዚህ ጠመዘዝነው። ውኃው ሲወጣ ያን ጊዜ አለቀሰ። ፊቱን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም፣ ሁለቱም ይዘዋል።

በኋላ አባጋሮቹ፣ ደም የሚያደርቁት ሽማግሎች ማለቴ ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ያዙት። ተፈራ እጁን ሰጠ፣ ታሰረ። ይመር ግን ባገሩ መኖር አልቻለም። ሰርግ ላይ ጎኑ የሚቀመጥ ጠፋ። በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ሄደ፣ እዚያው ነው። በየበዓሉ ይደውላል። ያን ቀን አንስተን አናውቅም። "እናኔ ደህና ነሽ?" ይላል፣ "ደህና ነኝ" እላለሁ። ዓይኑን ሳላይ ልሞት ነው። ድምፁን ግን እሰማለሁ፣ እናቴ የሽብሩን አልሰማችም። ብርቄ ደጄን ሳትረግጥ ሞተች። አንተ ስትወለድ ብቻ ሰው ልካብኝ ነበር፣ "ደምመላሽ በሉት" ብላ። ማስረሻ ያልኩህ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ለለቅሶ የጠራኝ የለም። ምላሷ ደረቀ አሉ።

እናንተ ልጆች፣ ራስን መግዛት ሲባል በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያንም ትሰማላችሁ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ያን ቀን መያዜ ቀላሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፣ ልጄ ፊቴ ቆሞ ነበር። የከበደኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ምንጭ ዳር ሴቶቹ ሲያሽሟጥጡኝ በየቀኑ መልስ ይመጣልኛል፣ ያውም የሚያቃጥል። መጀመሪያ "እስከ ቤቴ በር ድረስ ብቻ ዝም ልበል" እል ነበር። እሱን ስለምድ "እስከ ማታ" አልኩ። አንዳንድ ቀን ይሸነፍልኛል፣ አንዳንድ ቀን ያመልጠኛል። በማግስቱ ደግሞ ከቤቴ በር እጀምራለሁ። ሌላ መላ አላገኘሁም። ደስታ አገኘሽበት ወይ ካላችሁኝ፣ ደስታ አልለውም። ሌሊት ስነቃ ግን እናቴን ምድጃ ዳር ያስቀመጣት ነገር እኔ ጋ የለም። በዚያ ላይ ቆሜ ነው ይህን ልጅ ያሳደግኩት።

ተፈራን እኔም አይቼዋለሁ፣ ባለፈው ገበያ። ጎብጧል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። በሽማግሌ ፊት ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሆዴ ይቅር ይበለው አይበለው አላውቅም። ግጥሙ እንደ ድሮው ሙሉ ሆኖ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ቲማቲሜን ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ይሄ ልጅ እስክሪብቶውን አቁሞ ያየኛል። "እምዬ፣ ግጥሙ ምን ይል ነበር?" ይለኛል።

አልነግርህም። የይመር ስም ያለበት ቦታ ላይ ያንተም ስም ይገባል፣ ልክክ ይላል፣ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ ከኔ ጋር ይቀበራል። ስሞትም ማንም እንዳያወርድልኝ።

ትናንት የተጠቀለልክበት ጋቢ ያ ጋቢ ነው። ጥጉ ላይ ያለችውን ቡኒ ነጥብ ዝገት ናት ብዬህ ነበር፣ ዝገት አይደለችም። ትናንት ማታ እጅህ ደምቶበት አደረ። ጠዋት አጥቤዋለሁ፣ ደጅ ይንጠባጠባል። እኔ ብቻዬን አልችለውም።

በቃ፣ እስክሪብቶህን አስቀምጥ። ና ያዝልኝ።